ጫማ በጫማ፦ አትክልት በኢየሩሳሌም የድንጋይ ግቢ

ከነቢያት መንገድ ወደ ኢትዮጵያ መንገድ ሲታጠፉ መጀመሪያ የሚታየው ግንብ ነው። ግራና ቀኙ ከፍ ያለ የድንጋይ አጥር፣ መንገዱ ጠባብ፤ ከአጥሩ በላይ እዚህም እዚያም የዛፍ ጫፍ ብቅ ይላል። የብረቱን በር አልፈው ሲዘልቁ ክቡ ቤተ ክርስቲያን ይታያል፤ አፄ ዮሐንስ 4ኛ ያስጀመሩት፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተፈጸመው ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት። ገነት በግእዝ የአትክልት ቦታ ማለት ነው። የዕብራይስጡ «ጋን» እና የዓረብኛው «ጀና» የዚያው ቤተሰብ ቃላት ናቸው። ዕብራይስጥን ወደ ዕለት ንግግር የመለሰው ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳም የኖረው እዚሁ መንገድ ላይ፣ ከገዳሙ ጥቂት እርምጃ ርቆ ነው።

እኔ የምኖርበት ግቢ ከዚያ ብዙ አይርቅም። ወለሉ ድንጋይ ነው። ከድንጋዩ ሥር የቧንቧ ውሃ ከመምጣቱ በፊት የዝናብ ውሃ ይጠራቀምበት የነበረ ጉድጓድ አለ፤ የከተማዪቱ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። አፈር ግን የለም። ጎመን ያማረው ሰው አፈሩን ራሱ በከረጢት ተሸክሞ ያመጣል። እንግዲህ የዚህ ዳሰሳ ጥያቄ ይህ ነው፦ ማሳ በሌለበት፣ በድንጋይ ግቢና በሰገነት፣ በትንሽ ሣጥን አትክልት ማብቀል ያዋጣል ወይ? ስሙ በዓለም የተሰማው የካሬ ጫማ ዘዴስ ለኢየሩሳሌም ይሆናል ወይ? ስምንት ዓመት ሞክሬዋለሁ፤ ይሆናል። ከሣጥኑ በፊት ግን የዘመን አቆጣጠሩን መገልበጥ ያስፈልጋል። መጽሐፎቹ ይህን አይነግሩንም።

ዘዴውን የቀመረው ሜል ባርቶሎሜው የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1970ዎቹ አጋማሽ ጡረታ ወጥቶ በኒውዮርክ ሎንግ አይላንድ የጋራ አትክልት ቦታ ሲያስተባብር አንድ ነገር ታዘበ። ሰው በጸደይ ወራት በጉጉት ረጃጅም መስመር ያወጣል፣ አንድ ፓኬት ዘር ሙሉውን ይበትናል፣ ቆይቶ ያሳሳል፤ ሙቀቱ ሲበረታ አረሙ ያሸንፈውና ጥሎት ይሄዳል። የመስመር እርሻ ለሚጎተት ማረሻ የተሠራ ነው፤ መኮትኮቻ ብቻ ለያዘ ሰው በመስመሮቹ መካከል የሚቀረው መተላለፊያ አረም ማብቀያ ነው አለ። መጽሐፉን በ1981 አሳተመ፤ በ2006 አሻሽሎ አወጣው፤ በ2016 አረፈ።

አሠራሩ ቀላል ነው። 4 ጫማ በ4 ጫማ፣ ማለትም 1 ሜትር ከ20 በ1 ሜትር ከ20 የሆነ ክፈፍ ይሠራል፤ ከፍታው አንድ ስንዝር እንኳ አይሞላም፣ 15 ሳንቲ ሜትር ነው። በላዩ በሲባጎ ወይም በቀጭን እንጨት 16 ካሬ ይወጣበታል። ስፋቱ የተመረጠው በአራቱም ወገን ቁጢጥ ያለ ሰው እጁ እስከ መሃል ስለሚደርስ ነው። አፈሩ ፈጽሞ ስለማይረገጥ እንደላላ ይኖራል፤ ሥሩም ሳይታገል ይወርዳል። በአንዱ ካሬ ትልቅ የሚሆን ተክል ከሆነ አንድ፣ ሰላጣና ቆስጣ ከሆነ አራት፣ ቀይ ሥር ከሆነ ዘጠኝ፣ ካሮት ከሆነ አሥራ ስድስት ይተከላል። አንዱ ካሬ ሲለቀም ወዲያው አንድ እፍኝ ብስባሽ ይጨመርበትና ሌላ ዓይነት ይገባበታል። ሲሦው ብስባሽ፣ ሲሦው ከረግረግ የሚወጣ አተላ መሰል አፈር፣ ሲሦው ቨርሚኩላይት የተባለ ቀላል ማዕድን የሆነ ድብልቅ ነው ሣጥኑን የሚሞላው።

አቀራርቦ መትከልን እርሱ አልፈጠረውም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የፓሪስ አትክልተኞች በፈረስ ፍግ በሚሞቅ ጠባብ መደብ ከተማውን በክረምት ሰላጣ ይመግቡ ነበር። ያንን ይዞ አላን ቻድዊክ በካሊፎርኒያ አስተማረ፤ ጆን ጄቮንስም በ1974 በመጽሐፍ አወጣው። የጄቮንስ መንገድ ጥልቅ ቁፋሮ ይጠይቃል፤ የሣጥኑ መንገድ ቁፋሮ የለበትም። ድንጋይ ላይ ለሚኖር ሰው ምርጫው ከዚሁ ያልቃል።

ነገር ግን የካሬዋ መደብ እዚህ አገር ከፓሪስም ከሎንግ አይላንድም በጣም የቀደመች ናት። በ200 ዓመተ ምሕረት ገደማ በተጠናቀረው የአይሁድ ሕግ መድብል፣ በሚሽና ውስጥ ስለ ዘር መደባለቅ የሚናገር ክፍል አለ፤ ክላይም ይባላል። ሦስተኛው ምዕራፍ የሚከፈተው በአንዲት መደብ ልክ ነው፦ ስድስት ጋት በስድስት ጋት። እዚያች መደብ ላይ አምስት ዓይነት ዘር ይዘራል ይላል፤ አራቱ በአራቱ ጎን፣ አንዱ በመሃል። ስድስት ጋት አንድ ክንድ ነው፤ በዛሬ ልኬት ግማሽ ሜትር ገደማ። ይህን ሳነብ መጽሐፉን አስቀምጬ ወደ ግቢ ወጣሁና መደቤ ላይ በእጄ ስድስት ጋት ሰፈርኩ። ጎኗ ከአንድ ጫማ ተኩል በላይ ነው። ያቺን የምታህል መሬት ላይ አምስት ዓይነት አትክልት እንዴት እንደሚበቅል ሊቃውንት ተቀምጠው በሥዕል እየሠሩ ሲከራከሩበት ኖረዋል።

ሐሳባቸው ግን ከባርቶሎሜው ሐሳብ ጋር ፊትና ጀርባ ነው። መሐንዲሱ የጠየቀው «ምን ያህል ላቀራርብ?» ነው፤ የሚሽና ሊቃውንት የጠየቁት «ምን ያህል ላራርቅ?» ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 በአንድ እርሻ ሁለት ዓይነት ዘር መዝራትን ይከለክላልና፣ ድሃው ገበሬ በጠባብ ቦታው ሕግ ሳይጥስ ስንት ዓይነት ሊያገኝ እንደሚችል ነው የለኩለት። ዛሬም ሕጉን የሚጠብቅ አይሁዳዊ የካሬ ጫማን መደብ እንዳለ አይወስደውም፤ በሁለት ዓይነት መካከል ክፍተት ይተዋል ወይም ዓይነቶቹን በየሣጥኑ ይለያል። ክፍተት መተውን እኔም ተምሬበታለሁ። ካሮትና ቆስጣ ጎን ለጎን ሲጣበቁ ቆስጣው በቅጠሉ ያለብሰዋል፣ ካሮቱ ይቀጭጫል።

ይኸው ባህል ስለ ኢየሩሳሌም ሌላ የሚያስደንቅ ነገር ይዟል። በታልሙድ፣ ባባ ቃማ በተባለው ክፍል፣ ከተማዪቱ ከሌሎች ከተሞች የምትለይባቸው አሥር ነገሮች ተቆጥረዋል። ከነዚያ ውስጥ አንዱ አትክልትና የፍራፍሬ ቦታ በውስጧ አይሠራም የሚል ነው፤ ከጥንት ነቢያት ዘመን ጀምሮ የነበሩት የጽጌረዳ ቦታዎች ብቻ ሲቀሩ። ምክንያቱ ሽታ ነው፦ የሚጣለው አረምና የሚበተነው ፍግ። የፍግ ክምርም በከተማዋ አይኖርም ተብሏል። አትክልቱ የነበረው ከቅጥሩ ውጪ፣ ከታች በሸለቆው ነው፤ መጽሐፈ ነህምያ በሰሊሆም መጠመቂያ አጠገብ የንጉሥ አትክልት እንደነበረ ይመሰክራል። ከተማ በላይ፣ አትክልት በታች፣ ውሃውም ወደ አትክልቱ ይወርዳል። ዛሬ እኛ የምንሞክረው ይህን ሥርዓት መገልበጥ ነው፤ አፈሩንም ውሃውንም ወደ ላይ እናወጣለን። ፍግ ሳይሸት ማብሰል ያልቻለ ሰው ከጎረቤት ጋር የሚጣላውም በዚያው በጥንቱ ምክንያት ነው። ደረቅ ቅጠልና የተቀደደ ካርቶን ከወጥ ቤት ልጣጭ እጥፍ አድርጎ የሚጨምር ብስባሹ አይሸትበትም።

አሁን ወደ ፀሐይ ልምጣ፤ ብዙ ሰው ሳያስብበት የሚወድቅበት እዚህ ነው። የቀድሞ ሊቃውንቶቻችን የቀኑን ሰዓት የሚያውቁት የራሳቸውን ጥላ በጫማ እየሰፈሩ ነበር፤ የወሩን ልክ የያዘ የጥላ ሰንጠረዥ በብራና መጻሕፍት ይገኛል። የኢየሩሳሌም አትክልተኛ ያንን ልማድ መልሶ ማምጣት አለበት። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 32 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። በታኅሣሥ አጋማሽ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአድማስ 35 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው የምትነሣው። በግቢው ደቡብ በኩል 3 ሜትር ከፍታ ያለው አጥር ካለ ጥላው 4 ሜትር ከ30 ወደ ውስጥ ይዘልቃል። በሰኔ አጋማሽ ግን የዚያው አጥር ጥላ ግማሽ ሜትር እንኳ አይሞላም። አዲስ አበባ ላይ ይኸው አጥር በታኅሣሥ የሚጥለው ጥላ 2 ሜትር አይደርስም፤ በሰኔ ደግሞ ፀሐይ ወደ ሰሜን ስለምታልፍ ጥላው ወደ ሌላ ወገን ይዞራል። ስለዚህ እዚህ በሰኔ ፀሐይ ሞልቶት ያየነው ጥግ በታኅሣሥ ጨለማ ሊሆን ይችላል። መደቤን መጀመሪያ ያስቀመጥኩት እንደዚህ ያለ ጥግ ላይ ነበር። ሰላጣው ሁለት ወር ሙሉ ሁለት ቅጠል ይዞ ቆመ። ዛሬ ቦታ ለሚመርጥ ሰው የምለው አንድ ነው፦ ሣጥን ሳይገዙ በፊት በታኅሣሥ አንድ ቀን በስድስት ሰዓት ጠመኔ ይዘው ይውጡና የጥላውን ጫፍ ወለሉ ላይ ያስምሩ።

የውሃው ነገር ደግሞ መደቡን ለምን ከፍ እናደርጋለን ከሚለው ጥያቄ ይጀምራል። በኢትዮጵያ ደጋ ዋልካ አፈር ላይ መደብ ከፍ የሚደረገው ውሃ እንዳይተኛበት ነው። በ1980ዎቹ ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ የነበረው ዓለም አቀፉ የአፍሪካ የቁም እንስሳት ማዕከል ሁለት ማረሻ አጋጥሞ ሰፊ መደብ የሚያወጣ መሣሪያ የሠራው የክረምቱ ውሃ ሰብሉን እንዳያሰጥም ነበር። በኢየሩሳሌም ከፍ የምናደርገው አፈር ስለሌለን እንጂ ውሃ ስለበዛብን አይደለም። በደረቅ አገር የኖሩ ሕዝቦች መደባቸውን ከፍ አላደረጉም፤ የአሜሪካ ዙኚዎች በደቡብ ምዕራቡ በረሃ የሚተክሉት ዙሪያውን በጭቃ በተከበበ፣ ወደ ታች በሰረጎደ ካሬ ውስጥ ነው። ከፍ ያለ ሣጥን በአራቱም ጎኑ ፀሐይና ነፋስ ይመታዋል። 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ለሎንግ አይላንድ ይበቃል፤ እዚያ ዓመቱን ሙሉ ይዘንባል። ለኢየሩሳሌም ግን እጥፉ፣ 30 ሳንቲ ሜትር ያስፈልጋል። ባርቶሎሜው ዘዴው ከመስመር እርሻ ውሃ አንድ አሥረኛውን ብቻ ይፈልጋል ይል ነበር። በዚህ ነገር አልከተለውም።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። በኢየሩሳሌም በሐምሌ ወር በአማካይ በቀን ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ውሃ ከአፈርና ከቅጠል ይተናል። አንድ ሙሉ መደብ 1.44 ካሬ ሜትር ስለሆነ በቀን ከ7 እስከ 9 ሊትር ይጠጣል ማለት ነው፤ ኃይለኛ ሙቀት ሲነሣ ከዚያም በላይ። ከኅዳር እስከ መጋቢት ግን ነገሩ ይለወጣል። ከተማዋ በዓመት የምታገኘው 550 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ሁሉም ማለት ይቻላል በዚያ ወቅት ይወርዳል። ያቺው ሣጥን ከሰማይ ብቻ 800 ሊትር ያህል ትቀበላለች። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 11 ይህችን ምድር ከግብፅ የሚለያት በዚህ ነው፦ የግብፅ ምድር ሰው እንደ አትክልት ቦታ በእግሩ እየደከመ የሚያጠጣት ናት፤ ይህች ግን ከሰማይ ዝናብ የምትጠጣ የተራራና የሸለቆ ምድር ናት። በበጋ የምንተክል ከሆነ የግብፅን ድካም መርጠናል፤ በዝናቡ ወራት የምንተክል ከሆነ የተራራውን።

ለበጋው ድካም መድኃኒቱ ጠብታ መስኖ ነው። ሲምሐ ብላስ የተባለው መሐንዲስ ሐሳብ አቅርቦ በ1965 በኔጌቭ በሐጼሪም ቂቡጽ ኔታፊም የተባለው ድርጅት የተቋቋመበት ያ ቀጭን ጥቁር ቱቦ ዛሬ በየሃርድዌሩ በሜትር ይሸጣል። በአንድ መደብ ላይ አራት ረድፍ ዘርግቶ ጧት ጧት መክፈት ነው። ከላይ ገለባ ወይም ደረቅ ቅጠል ጉዝጓዝ ይለብሳል። አፈሩን ሳይነካ በዓይን ብቻ የሚፈርድ ይሳሳታል። ጣት እስከ ሁለተኛው አንጓ ይግባ፤ ጫፉ ላይ እርጥበት ካልተሰማ ይጠጣ። ሰኔ ላይ ከላይ ዱቄት የመሰለው አፈር ከሥር ቀዝቀዝ ብሎ ጣት ላይ ሲጣበቅ አንድ ቀን ይቆያል።

ሣጥኑን የሚሞላው ነገርም ከአገሩ መገኘት አለበት። የሰሜን አውሮፓ ረግረግ አፈር ውድ ነው፤ አንድ ጊዜ ከደረቀም ውሃ አይቀበልም፣ ከላይ ያንሸራትተዋል። እዚህ በምትኩ የኮኮናት አሰርና ከጎላን የሚወጣው ቱፍ የሚባለው ቀዳዳማ የእሳተ ገሞራ ጠጠር አለ። በቢሾፍቱ ዙሪያ እንደሚቆፈረው ቀላል ቀይ ጠጠር ያለ ነው። እኔ ከሦስቱ አንድ እጅ ብስባሽ፣ አንድ እጅ ኮኮናት፣ አንድ እጅ ቱፍ አድርጌ፣ ከዚያም ከኮረብታው ቀይ አፈር ጥቂት እፍኝ እጨምራለሁ፤ ውሃ ይይዛልና። ጣራ ላይ ለሚሠራ ሰው ግን ተራ አፈር አይታሰብም። 30 ሳንቲ ሜትር የተሞላ መደብ ከ430 ሊትር በላይ ይይዛል፤ ተራ አፈር ርሶ በሊትር ከኪሎ ተኩል በላይ ስለሚመዝን አንዱ ሣጥን ከስድስት ኩንታል አይወርድም። ያንን ሰገነት ላይ ከማስቀመጥ በፊት የሕንፃ መሐንዲስ መጠየቅ ግድ ነው።

ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ዘመኑ ደረስኩ።

በመጀመሪያው ዓመት ዘር የዘራሁት በግንቦት መጨረሻ ነበር፤ ልቤ ሰኔን እየጠበቀ። አገር ቤት ያደገ ሰው ሰኔ ሲባል ደመና ይታየዋል፣ ዝናብ የመታው አፈር ሽታ አፍንጫው ላይ ይመጣበታል። ደመናው አልመጣም። ጎመኑ በሐምሌ ተጨማደደ፤ ክሽክሽ ከቅጠሉ ሥር ነጭ ዱቄት የተነፋበት እስኪመስል ወረሰው። በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከጎንደር በኩል የመጡ ጎረቤቴ እማማ በአጥሩ በር ቆመው ትንሽ አዩትና፣ «ልጄ፣ ይህ አገር ክረምቱ የተገለበጠ ነው። በሰኔ የሚተክል የለም። መስከረም እስኪጠባ ተወው» አሉኝ። ከአርባ ዓመት ያላነሰ ወገራ ላይ ያረሱ ሴት ናቸው። እሳቸውም መጀመሪያ እንደኔ ተሳስተው እንደነበር ኋላ ነገሩኝ።

ችግሩ ቃሉ ውስጥም አለ። አማርኛ ተናጋሪው እዚህ የዕብራይስጡን «ሖሬፍ» ክረምት ብሎ ይተረጉመዋል፤ ትርጉሙ ትክክል ነው፣ ወሩ ግን ሌላ ነው። የእኛ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው፤ ያ ጊዜ እዚህ አንዲት ጠብታ የማይወርድበት ነው። እኛ ዘመነ ጽጌ የምንለው፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5፣ አገር ቤት አደይ አበባ ሜዳውን የሚያለብስበት፣ እዚህ ምድሩ እንደ ሸክላ የተቃጠለበትና ሰው ወደ ሰማይ የሚያይበት ነው። የመጀመሪያው ዝናብ በጥቅምት ይመጣል። የኢየሩሳሌም ጽጌ የሚጀምረው ጥር ላይ ለውዙ ሲያብብ ነው። ስለዚህ የጎመን ችግኝ በነሐሴ በጥላ ሥር ይፈላል፤ በመስከረም መጨረሻ ወደ መደቡ ይዛወራል። ካሮት፣ ቀይ ሥርና ሰላጣ በጥቅምት ይዘራሉ። ባቄላና አተር በኅዳር ይገባሉ። ቃሪያና ቲማቲም እስከ መጋቢት መጨረሻ ይጠብቃሉ፤ ቀድመው ከወጡ ብርዱ ያደነዝዛቸዋል፤ አንዳንድ ዓመት በረዶ ይጥላልና። በሶብላ ሚያዝያን ካላየ አይነሣም።

በዚህ አቆጣጠር የገባ ሰው አንድ ያልጠበቀው በረከት ያገኛል፦ የመደቡ ወራትና የጾሙ ወራት ይገጥማሉ። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ሲገባ የመስከረሙ ጎመን ለመቀንጠስ ደርሷል። ዐቢይ ጾም በሚውልበት ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ መደቡ ከዓመቱ ሁሉ የለመለመበት ነው፤ ሰላጣው፣ ቆስጣው፣ ድንብላሉ በአንድነት ይደርሳሉ። አይሁድ ጎረቤቶቻችንም በፋሲካቸው ማዕድ ላይ መራራ ቅጠል ብለው የሚያቀርቡት ሰላጣ የዚያው ወቅት ነው። አገር ቤት በዐቢይ ጾም ጎመን ለማግኘት በበጋው ባልዲ ተሸክሞ ማጠጣት ነው፤ እዚህ ሰማዩ ያጠጣዋል።

ምን ይተከል ለሚለው ጥያቄ ሚዛኔ ግልጽ ነው፦ ከማኅነ ይሁዳ ገበያ በርካሽ የሚገኘውን ድንችና ሽንኩርት ለገበያው ልተውለት። 1.44 ካሬ ሜትር ቤተሰብ አይቀልብም፤ ይቀልባል የሚል ካለ ሣጥን ሻጭ ነው። መደቧ የምትክሰው ገበያው ላይ በሌለው፣ ወይም ቶሎ በሚጠወልገው ነው። የሐበሻ ጎመን አንዱ ነው፤ የታች የታቹ ቅጠል እየተቀነጠሰ ከኅዳር እስከ መጋቢት ይሰጣል። መጽሐፉ ለጎመን አንድ ካሬ ያዛል፤ ቅጠሉ ለጋ ሳለ ለሚቀነጥስ ሰው በሁለት ካሬ ሦስት ግንድ ይበቃል። ስድስት ግንድ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለአራት ሰው ድስት ሲያወጣ አይቻለሁ። ጤና አዳም ግን ከመደቡ ይውጣ። ዓመት ከዓመት የሚኖር ቁጥቋጦ ነው፤ በዚህ አገር ኮረብታ ድንጋይ መካከል በራሱ የሚበቅል ዘመድ ስላለው ድርቅ አይፈራም፤ ማሰሮ ይበቃዋል። ቅርንጫፉን በጠራራ ፀሐይ በባዶ እጅ የሚቆርጥ ይጠንቀቅ፤ ፈሳሹ ከፀሐይ ጋር ተጋግዞ ቆዳ ያቆስላል። ለቡና የሚሆነውን ዘለላ በማለዳ መቁረጥ ይሻላል።

ብቻውን የሚሞክር ሰው በአካባቢው የሚያየው አርአያ አያጣም። ከከተማዋ ደቡብ ምዕራብ የሚገኘው የባቲር መንደር እርከኖች በ2014 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል። እዚያ የምንጩን ውሃ ስምንት ቤተሰቦች በተራ ስለሚካፈሉት የውሃው ሳምንት ስምንት ቀን ነው። መደቦቻቸው ትንንሽ፣ ዳር ዳራቸው በድንጋይ የተያዘ፣ ጠርዛቸውን ሰው የማይረግጠው ናቸው፤ ሣጥን ባይባሉም ሣጥን ናቸው። በስተ ምዕራብ በሰጣፍ ደግሞ ጥንታዊው እርከን ታድሶ በምንጭ ውሃ የሚለሙ ትንንሽ ቦታዎች ለከተማ ነዋሪዎች ይከራያሉ። በከተማው መሃል፣ በያፎ መንገድ ባለው በክላል ሕንፃ ጣራ ላይ፣ ሙስላላ የተባለ የጥበበኞች ማኅበር አትክልትና የንብ ቀፎ አስቀምጧል። የእነዚህ ሁሉ ልክ ይለያያል፤ ውሃው በምን ተራ እንደሚደርስ ሳይወስን የተከለ ግን ከሦስቱም አንድም የለም።

እኔን በጣም የሚነካኝ የሽማግሌዎቹ ነገር ነው። በ1984 እና በ1985 በዘመቻ ሙሴ፣ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን የመጡት ቤተ እስራኤል አብዛኞቹ ከመሬት ጋር የኖሩ ነበሩ፤ አራሽ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ቀጥቃጭ። ከመርከዝ ክሊታ፣ ከመቀበያ ማዕከሉ፣ ወጥተው የገቡት ፎቅ ቤት ነው። ልጆቹ ቋንቋውን በዓመት ሲይዙት አባት ለልጁ የሚያስተምረው ነገር አጣ። በቤርሼባ ካሊሸር የመቀበያ ማዕከል ለኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች መደብ ተከፋፍሎ ሲሰጥ የታየው ይህ ነበር፦ ጎመኑና በቆሎው ሲበቅል ሽማግሌው የሚጠየቅ ሰው ሆነ። ኢየሩሳሌም ውስጥም ባለ ብዙ ፎቅ ሰፈሮች ከፎቁ ሥር ባዶ የተተወ መሬት ሞልቷል። እያንዳንዱ ሰው በስሙ የሚያውቀው፣ ድንበሩ በሲባጎ የተለየ አራት ካሬ ቢሰጠው በጋራ ቦታ ላይ የሚነሣው ጭቅጭቅ ግማሹ ይቀራል ብዬ አምናለሁ። የሲባጎዋ ትልቁ ጥቅም ለእኔ ይህ ነው።

አገር ቤትም ጥያቄው ሕያው ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2015 በይፋ የተጀመረው የሌማት ትሩፋት የጓሮ ልማትን ወደ ከተማ አምጥቷል፤ በአዲስ አበባ ግቢና ጣራ ላይ መደብ መሥራት ተለምዷል። እዚያ የሣጥኑ ጥቅም ሁለት ነው፦ የክረምቱን ጎርፍ ያሳልፋል፤ በአቃቂ ወንዝ ውሃ እንደሚለማው አትክልት የፋብሪካ ብክለት የሚነሣበትን ነገር በራስ አፈርና በራስ ውሃ ይተካል። ሣጥን የሌለው ጆንያ ይጠቀም። በሌሶቶ የተስፋፋው፣ መሃሉ ላይ ብስባሽ የሚጨመርበት የድንጋይ ክብ መደብም ድንጋይ ለሞላበት ለሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ ከእንጨት ሣጥን ይሻላል እላለሁ።

ኢየሩሳሌም ጓሮዋን የምታስታውስበት አንድ ክፉ ጊዜም አለ። በ1948 ጦርነት ከተማዋ ተከብባ፣ መንገዱ ተዘግቶ፣ የውሃው መስመር ተቆርጦ፣ ሕዝቡ በሬሽን ሲኖር ሴቶች ወደ ባዶ ሜዳው እየወጡ ኹቤዛ የሚሉትን፣ የእኛን ልት የሚመስለውን ቅጠል ለቅመው ይቀቅሉ ነበር። ውሃ የተገኘው ከየቤቱ ሥር ካሉት እንደ ግቢያችን ካሉ ጉድጓዶች ነው። ልቱ ዛሬም ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ ያለ ዘሪ ይበቅላል፤ በሣጥኔ ጥግ ሲወጣ አልነቅለውም።

የሚመጣውን ለሚያስብ ሰው ደግሞ ሰባተኛው ዓመት አለ። ምድሪቱ የምታርፍበት ሽሚታ ያለፈው ከ2021 መስከረም እስከ 2022 መስከረም ነበር፤ ቀጣዩ በ2028 መስከረም ይገባል። ያኔ ሕጉን በሚጠብቁ ቤቶች ሣጥኑ መሬት የነካ መሆን አለመሆኑ፣ ታቹ የተቀደደ መሆን አለመሆኑ፣ ከላዩ ጣራ ያለው መሆን አለመሆኑ ሁሉ ይጠየቃል፤ በረቢዎች መካከልም ክርክር አለበት። ለሣጥን ባለቤት ይህ ጥያቄ ከአሁኑ የሚገባ ነው፤ አንዱ ግቢ ውስጥ የሁለት እምነት ሰዎች ይኖራሉና።

ትናንት የእንቁላል ካርቶን ቆርጬ ብስባሽ ሞልቼ ከደረጃው ሥር፣ ከጥላው፣ የጎመን ዘር አፈላሁ፤ ነሐሴ ገብቷል። እማማ ከወገራ ዘመዶቻቸው የላኩላቸውን ዘር በወረቀት ጠቅልለው ሰጥተውኛል። በእያንዳንዱ ጉድጓድ ሦስት ሦስት ዘር፤ ሲበቅል አንዱ ይቀራል። መደቡ ገና ደረቅ ነው። ዝናቡ ሁለት ወር ቀርቶታል።